የባሕር ኤሊ ጎጆ ጠባቂዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የባሕር ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ጎጆውን ዞር ብላም አታየው። ከዚያ በኋላ ላሉት ሁለት ወራት ገደማ፣ በብዙ የዓለም ዳርቻዎች ላይ ጎጆውን የሚከታተሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ጫጩት አቅፎ ፎቶ መነሣት ይመስላል። አይደለም። ትልቁ ክፍል እጅን መሰብሰብ ነው። የቀረው ደግሞ መራመድና መጻፍ።

በጎ ፈቃደኛ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

ጎህ ሲቀድ ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ማልዶ መውጣት የግድ ነው፤ ነፋሱና የሰው እግር ዱካውን ሳያጠፉት መድረስ አለበት። ዓይኑ የሚያርፈው ሌሊት ባሕሩ ሞልቶ ከደረሰበት መስመር በላይ ነው። እዚያ አዲስ ዱካ ካለ ቆም ብሎ ያነባል። ኤሊዋ እንቁላል ጥላለች ወይስ ሳትጥል ተመልሳለች? ጥላ ከሆነ ቦታው በካስማና በገመድ ይከለላል፣ ቀኑ ይጻፋል፣ መገኛው በጂፒኤስ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ጎጆው በየቀኑ ይጎበኛል፦ ባሕር አጥቦታል? ውሻ ቆፍሮታል? ካስማውን ሰው ነቅሎታል?

ምንም ያልተገኘበት ቀንም ይጻፋል። ጀማሪዎች ይህንን ይዘሉታል። ግን ቅጹ ባዶ ከሆነ ኤሊ አልመጣችም ይሁን ጠባቂው ተኝቶ አርፍዶ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው መለየት አይችልም።

ዱካው የየትኛዋ ኤሊ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

በዓለም ላይ ያሉት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ሰባት ብቻ ናቸው። አንድ ዳርቻ ላይ አዘውትረው የሚወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ስለዚህ ነገሩ እንደሚፈራው አይከብድም።

ሎገርሄድ የምትባለው ቀኝና ግራዋን እያፈራረቀች ትሳባለች። ዱካዋም በግራና በቀኝ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ ይሆናል። አረንጓዴዋ ኤሊ ሁለቱን የፊት መቅዘፊያዎቿን (እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ የሆኑ እግሮቿን) በአንድ ላይ ትጥላለች፤ የግራና የቀኙ ምልክት ትይዩ ነው፣ መሃል ላይ ደግሞ ጅራቷ የነካካው መስመር ይታያል። የሁሉም ግዙፍ የሆነችው ሌዘርባክ ዱካዋ ወደ ሁለት ሜትር ስለሚሰፋ ከማንም ጋር አትምታታም።

መውጫና መመለሻውንም መለየት ይቻላል። ኤሊ ስትሳብ አሸዋውን ወደ ኋላዋ ትገፋዋለች፤ ክምችቱ የተገፋበትን አቅጣጫ ያየ ወዴት እንደሄደች ያውቃል። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ቦታ ካለ ደግሞ ከላይ ያረፈው የመመለሻው ነው።

ወጥታ ሳትጥል የምትመለሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ምክንያት አለው። መብራት አይታ፣ ሰው ሰምታ፣ የተረሳ የመዝናኛ ወንበር ገጥሟት፣ ወይም አሸዋው በጣም ደርቆ ጉድጓዱ እየተደረመሰባት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ለእኛ በማይታይ ምክንያት ሐሳቧን ትቀይራለች። የጣለች ኤሊ ቦታውን ለመደበቅ በመቅዘፊያዎቿ አሸዋ ትበትናለች። ስለዚህ ሰፋ ያለ የተመሰቃቀለ ቦታ፣ ከፍ ያለ ክምርና እርጥብ አሸዋ ደረቁ ላይ ተረጭቶ ይገኛል። ያልጣለችው ዱካ ግን እንደወጣ ዞሮ ይመለሳል፣ ወይም ክፍት ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል።

እርግጠኛ ለመሆን ሲፈለግ ፈቃድ ያለው ሰው በእጁ ቀስ ብሎ አሸዋውን ይገልጣል። በእንጨት መውጋት ክልክል ነው። አንድ እንቁላል ከፈረጠ ጉንዳንና ዝንብ ይጠራል፣ ጣጣው ለጎጆው በሙሉ ይተርፋል።

ስንት እንቁላል ትጥላለች?

በአብዛኞቹ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ። አውስትራሊያ አካባቢ የምትገኘው ፍላትባክ ግን ከሃምሳ ብዙም አታልፍም። እንቁላሉ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ያክላል፤ ቅርፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ወደ ጉድጓዱ ሲወድቅ አይሰበርም። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር ያህል ይጠልቃል፣ የሌዘርባክ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አንዲት ኤሊ በአንድ ወቅት ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየተመለሰች ብዙ ጎጆ ትሠራለች። ከዚያ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ትጠፋለች። ስለዚህ ሃምሳ ጎጆ ማለት ሃምሳ ኤሊ ማለት አይደለም። ይህ ስሌት በየዜናው ሲሳሳት ታገኙታላችሁ።

እንቁላሎቹን አውጥታችሁ ለምን ደህና ቦታ አታሳድጓቸውም?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፣ ሐሳቡም ቅን ነው። ግን እንቁላል ማንቀሳቀስ አደገኛ ነገር ነው።

የዶሮ እንቁላል የለመደ ሰው ይገላበጣል ብሎ ያስባል፤ ዶሮዋም ራሷ ትገለብጠዋለች። የኤሊ እንቁላል ግን በተጣለ በሰዓታት ውስጥ ሽሉ ከላይኛው የቅርፊት ክፍል ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ከተገለበጠ ሽሉ ይሞታል። ማዛወር የግድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት፣ የላይኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ፣ ሳይንቀጠቀጥና ሳይዞር መሆን አለበት። አዲሱ ጉድጓድም የእናትየውን ጉድጓድ ጥልቀትና ቅርጽ መያዝ አለበት። ከታች ሰፋ፣ ከአንገቱ ጠበብ ያለ። ይህን የሚሠራው የሠለጠነና በሕግ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ብቻ ነው።

ማዛወር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጎጆው በየሙላቱ ውኃ የሚውጠው ቦታ ላይ ከሆነ እንቁላሎቹ አየር አጥተው ይሞታሉ። አንዳንድ ዳርቻዎች ላይም ሌባው ስለበዛ ታጥሮ የሚጠበቅ ቦታ ከመውሰድ ሌላ አማራጭ የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ፍሳሽ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከሰሜናዊው የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ብዙ ጎጆዎች ተነሥተው ወደ ፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ በመኪና ተጓጉዘዋል። ከእነሱም ከ14 ሺህ በላይ ጫጩቶች አትላንቲክ ውቅያኖስ ገብተዋል። ያኔ እንኳ እንቁላሎቹ የተነሡት ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ነው፤ ከአሸዋቸው ጋር በሳጥን ታሽገው፣ በማይንገጫገጭ መኪና።

ከእንዲህ ያለው አስገዳጅ ሁኔታ ውጭ ጎጆን ባለበት መተው ይሻላል። «ልርዳ» ብሎ ከሚነካው ይልቅ ሳይነካ የሚጠብቀው ብዙ ያተርፋል።

ሙቀት የጫጩቶቹን ጾታ ይወስናል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ወንድ ወይም ሴት መሆናቸው የሚለየው በአሸዋው ሙቀት ነው። እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ለሦስት ቢከፈል፣ በመካከለኛው ክፍል አሸዋው 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ይወጣል። ከዚያ ሲሞቅ ሴት ይበዛል፣ ሲቀዘቅዝ ወንድ ይበዛል። በጣም ሲሞቅ ደግሞ ጭራሽ አይፈለፈልም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ (የኮራል ሪፍ) ሰሜናዊ ክፍል ሞቃት ዳርቻዎች ከተፈለፈሉት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች ከመቶ 99 በላይ ሴት መሆናቸውን አሳይቷል። ለጊዜው ሴት መብዛቱ ብዙ ጎጆ ማለት ነው፤ አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ማዳረስ ይችላል። እያደር ግን ወንድ የሚባል ካልተገኘ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በጎ ፈቃደኞች እዚህ ላይ የሚያደርጉት ትንሽ ነገር አለ። ጎጆው አጠገብ ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ይቀብራሉ፣ አንዳንድ ቦታ ጥላ ይሠራሉ። ከዳርቻው ጀርባ ያለውን ዛፍና ቁጥቋጦ ሳይቆረጥ ማቆየትም ይረዳል። የሚገርመው፣ ሆቴል ሲሠራ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ጫጩቶቹ የሚወጡት መቼ ነው? አይቼ መሄድ እችላለሁ?

እንደ ዝርያውና እንደ አሸዋው ሙቀት ከ45 እስከ 70 ቀን ይወስዳል። ጫጩቷ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ሹል ነገር ቅርፊቱን ትቀድዳለች። ግን ያኔውኑ አትወጣም። ከወንድምና እህቶቿ ጋር ጥቂት ቀናት እየቆፈሩ፣ አሸዋውን ከላይ እያወረዱ ከሥራቸው እየረገጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። የላይኛው አሸዋ ሞቃት ከሆነ ይቆማሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላሉ። በአብዛኛው ሌሊት የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመውጣታቸው በፊት ብዙ ጊዜ ጎጆው ላይ ያለው አሸዋ ትንሽ ሰርጎድ ይላል። ይህን ያየ ጠባቂ ማታ ይመለሳል። ከጎጆው ጀርባ፣ ከባሕሩ በተቃራኒ በኩል፣ በጨለማ ይቀመጣል። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ምንም የለም። አንዳንዴ አንዲት ጥቁር ራስ ብቅ ትልና ለሰዓታት ዝም ትላለች። ከዚያ በድንገት አሸዋው ይፈላና በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ያህል ጫጩት ዳርቻውን ይሞላዋል። እያንዳንዷ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት።

ቀጠሮ ግን ማንም ሊሰጣችሁ አይችልም። «ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት ይወጣሉ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ጫጩቶቹ ለጎብኚ ተብለው ባልዲ ውስጥ የቆዩ መሆናቸውን ጠርጥሩ።

መብራት ላይ ለምን እንዲህ ትጨቃጨቃላችሁ?

ብዙ ጫጩት የሚፈጀው፣ ግን ደግሞ በቀላሉ የሚስተካከለው ነገር ስለሆነ ነው።

ጫጩቷ ባሕሩ የት እንደሆነ የሚነግራት የለም። ደመ ነፍሷ ዝቅ ብሎ ወደሚታየው ብሩህ አድማስ ሂጂ ይላታል። ሰው ባልሠፈረበት ዳርቻ ያ ብርሃን ባሕሩ ነው፤ ኋላዋ ያለው የአሸዋ ኮረብታና ዛፍ ጥቁር ሆኖ ይታያታል። አሁን ከኋላዋ የምግብ ቤት ፓውዛ ቢበራ ምን ይሆናል? ወደ እሱ ትሄዳለች። ጠዋት ላይ ዱካውን ስታዩት ያሳዝናል። ቀጭን ቀጭን መስመር ከጎጆው ተነሥቶ ወደ መንገዱ ይጓዛል፣ ክብ ይሠራል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ይጠፋል። መጨረሻው ድርቀት፣ ጉንዳን ወይም የመኪና ጎማ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ዳርቻውን ጨለማ ማድረግ ብቻ አይደለም። ከባሕሩ በኩል የማይታይ፣ ወደ መሬት የተደፋ፣ ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ያደላ መብራት በጣም ያነሰ ችግር ያመጣል። ነጭና ሰማያዊ ያዘለው ኤልኢዲ የከፋው ነው። በቤታችሁ መስኮት በኩል የሚወጣውንም በመጋረጃ መሸፈን ይቻላል።

ስልክስ? የስልክ ስክሪን እንኳ ጫጩቷን ያዞራታል። ፍላሽ ደግሞ ልትጥል የወጣችውን እናት ወደ ባሕር ይመልሳታል። ለሰልፊ ሲባል አንድ ሌሊት ማበላሸት ነውር ነው፣ ይህን ለጎብኚው ፊት ለፊት መናገርም የጠባቂው ሥራ ነው። በትሕትና፣ ግን በግልጽ።

ደክማ የምትሳብ ጫጩት ካየሁ አንሥቼ ባሕር ውስጥ ባደርጋት ምን አለበት?

አታንሡ። እስከ ውኃው ያለው ጉዞ የእሷ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ወደ ባሕሩ ስትገባ የትውልድ ዳርቻዋን የመሬት መግነጢስ ምልክት ትይዛለች። ከሃያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጣል የምትመለሰው በዚያ ነው። ውኃ ውስጥ ከገባች በኋላ ደግሞ ሞገዱን በፊቷ እየመታች አንድ ቀን ገደማ ሳታርፍ ትዋኛለች። ለዚያ የሚሆናት ስንቅ ሆዷ ውስጥ የቀረው የአስኳል ቅሪት ነው። ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ብታቆዩአት ያንን ስንቅ እዚያው በከንቱ እየዋኘች ትጨርሰዋለች። ደግ ነገር የሠራችሁ መስሏችሁ ባዶ እጇን ሸኛችኋት ማለት ነው።

ማድረግ የምትችሉት መንገዷን መጥረግ ነው። የልጆች የአሸዋ ጉድጓድ ድፈኑ፣ የጎማ ዱካ አስተካክሉ፣ ላስቲክና ጠርሙስ አንሡ፣ ወንበር አስገቡ። ለእኛ እዚህ ግባ የማይባል የጎማ ዱካ ለእሷ ገደል ነው። በመብራት ጠፍታ መንገድ ላይ ካገኛችኋት ግን ለጠባቂዎቹ ደውሉ። እስኪመጡ ድረስ እርጥብ አሸዋ ባለበት፣ ውኃ በሌለው ጨለማ ዕቃ ውስጥ አስቀምጧት።

ሸርጣንና ወፍ ሲበሏቸው ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። ለማየት ይከብዳል። ግን ሸርጣኑም የዳርቻው ነዋሪ ነው። ለአዋቂነት የሚደርሰው ከሺህ አንድ ያህል ነው ይባላል፤ ኤሊዋም ያን ያህል እንቁላል የምትጥለው ለዚህ ነው። በሰው ምክንያት የበዛው ጠላት ግን ሌላ ነው፦ የተለቀቀ ውሻ፣ ቆሻሻ የሳበው ቀበሮ። ለእነሱ ጎጆው ላይ የሽቦ መረብ ይነጠፋል። የመረቡ ዓይን ጫጩቷን የሚያሳልፍ፣ የውሻን አፍ የማያሳልፍ መሆን አለበት።

ከተፈለፈሉ በኋላ ጎጆውን ለምን ትቆፍራላችሁ?

ለመቁጠር ነው። በብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ከወጡ ጥቂት ቀን ጠብቀው ይከፍቱታል። ጓንት አድርገው ያለውን ሁሉ አውጥተው በረድፍ ይደረድሩታል። ከግማሽ በላይ የሆነ ባዶ ቅርፊት እንደ አንድ የተፈለፈለ ይቆጠራል። ያልተፈለፈለው ለብቻ፣ ቅርፊቱን ቀድዶ የሞተው ለብቻ። ሽታው እንዳይነገር ነው፤ ዝንቡም አይጠፋም። አንዳንዴ ግን ከሥር፣ የተክል ሥር ጠልፏት የቀረች ጫጩት በሕይወት ትገኛለች። እሷ ዳርቻው ላይ ትለቀቅና በራሷ ትሄዳለች።

ይህ ቁጥር ተራ ወረቀት አይደለም። ኬምፕስ ሪድሊ የምትባለዋን ኤሊ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሜክሲኮ ራንቾ ኑዌቮ ዳርቻ በተቀረጸ ፊልም ላይ በአንድ ቀን የወጡት እናቶች ወደ 40 ሺህ ይገመታሉ። በ1985 በዓመቱ የተቆጠረው ጎጆ 702 ብቻ ነበር። በየማለዳው የሚቆጥር ሰው ባይኖር ውድቀቱን በልክ ማወቅ አይቻልም ነበር። ዳርቻው በመጠበቁና በሽሪምፕ ማጥመጃ መረቦች ላይ ኤሊ የምታመልጥበት ቀዳዳ በመገጠሙ ዛሬ የሚቆጠረው በሺዎች ነው። አረንጓዴዋ ኤሊም ከአሥርት ዓመታት ጥበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር ላይ ከመጥፋት አደጋ ምድብ ወጥታለች።

ምን ይዤ ልምጣ? ልምድ ያስፈልጋል?

ልምድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማልዶ መነሣትና የተባሉትን መስማት ነው። ውኃ፣ ኮፍያ፣ ምቹ ጫማ፣ ለሌሊት ጠቆር ያለ ልብስና ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ያዙ። ውሻችሁን ቤት ተዉት። ልጆች ከወላጅ ጋር የጠዋቱን ጉዞ ይወዱታል፤ የሌሊቱ ግን ለትንንሾች አይመችም።

ለመሳተፍ ገንዘብ ይከፈላል?

እንደ ቦታው ነው። አንዳንዱ ማደሪያና ምግብ ጨምሮ ያስከፍላል፣ የአካባቢው ሰው የሚሳተፍበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኤሊና እንቁላል ለመንካት ፈቃዱን የሰጣችሁ ማነው? የምትሰበስቡት መረጃስ ለማን ይገባል? ለሁለቱ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ድርጅት ገንዘባችሁን አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ኤሊዎቹ ግን ከእሱ ምንም አያገኙም።

ማታ ስንሸራሸር ትልቅ ኤሊ ብትወጣብንስ?

ባላችሁበት ቁሙ፣ መብራት አጥፉ። በእሷና በባሕሩ መሃል አትቁሙ። ማየት ከፈለጋችሁ ከኋላዋ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሙሉው ሥራ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድባት ይችላል። ከዓይኗ የሚወርደው እንባ ሕመም ወይም ሐዘን አይደለም፤ ከሰውነቷ የተረፈውን ጨው የምታስወግድበት መንገድ ነው።

ቀን ላይ ዳርቻ የተጣለች፣ የቆሰለች ወይም በመረብ የተጠላለፈች ኤሊ ካገኛችሁ ግን ወደ ባሕር አትግፏት። የታመመች ኤሊ ውኃ ውስጥ ልትሰጥም ትችላለች። ለባሕር ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢው ጠባቂዎች ደውሉ፣ ሰውና ውሻ አርቁ፣ ጥላ ሥሩላት፣ ጀርባዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። አፍንጫዋ ክፍት ይሁን።